ክሎሪኑን አትራገሙ፤ ቁጥሩን ጠይቁ

በደብረ ማርቆስ የቧንቧ ውሃ ነገር ከተነሳ ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ይሄ ክሎሪን የሚሉት ነገር ካንሰር ነው የሚያመጣው፤ ፈረንጅ ራሱ ትቶታል» ይላል። ይህን ያነበበው ስልኩ ላይ ነው፤ ማን እንደጻፈው አያውቅም፤ ግን አምኖታል፤ ለጎረቤትም አስተላልፎታል። ሌላኛው ወገን፣ ብዙውን ጊዜ ደመወዙን ከመንግሥት የሚበላው፣ «ውሃው ታክሟል፤ አንድም ችግር የለበትም፤ አሉባልታ አትስሙ» ብሎ በሩን ይዘጋል።

እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። የመጀመሪያው በያዛት ግማሽ እውነት ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው በያዛት ግማሽ እውነት ሰው እንዳይጠይቅ ያደርጋል። ሁለቱን ግማሾች ብትደምሯቸው ደግሞ አንድ ሙሉ አይወጣቸውም። ሁለቱም ዘንድ የሌለ ነገር አለና፦ ቁጥር።

አባቶቻችን «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር።

መጀመሪያ ለክሎሪን ጠበቃ ልቁም

እ.ኤ.አ. በ1908 ጆን ሊል የሚባል ሐኪም ኒው ጀርዚ ውስጥ ለጀርዚ ሲቲ ነዋሪዎች በሚሄደው ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ጀመረ። በአሜሪካ የአንድ ከተማ ውሃ ያለማቋረጥ በክሎሪን ሲታከም ያ የመጀመሪያው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ «ሕዝቡን መርዝ ሊያጠጣ ነው» ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ታይፎይድ የከተሞች የየዓመቱ ግብር መሆኑ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ክሎሪን ካዳናቸው ሰዎች ቁጥር ጋር የሚወዳደር መድኃኒት ከተፈለገ ክትባት ቢጠራ ነው።

ይህ የሩቅ ሀገር ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቤቱ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሀገራችን ውስጥ በሽታ ገብቶ ሰው ሲጨርስ «ኮሌራ» የሚለውን ስም አፍ አውጥቶ የሚጠራ ባለሥልጣን ጠፍቶ ነበር። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ አጥሮም «አተት» ሆነ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ባክቴሪያው አልተለወጠም። በ2016 አዲስ አበባ ገባ። በ2019 የእኛኑ የአማራ ክልል ጨምሮ በየቦታው ታየ። በነሐሴ 2022 ባሌ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ደግሞ ከክልል ክልል እየዞረ ዓመታት ቆየ፤ በ2023 ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ድኅነት ፍለጋ በሄዱ ምእመናን መካከል ገብቶ ነበር።

ኮሌራ አንድን ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ስለ ክሎሪን የሚወራው ካንሰር፣ አለ ከተባለም፣ በዐሥርት ዓመታት ጠጥተው ከሚመጡት ነው። እስከ ማታ የማይቆይ ሕፃን ይዞ የዛሬ አርባ ዓመት ስለሚመጣ በሽታ መጨነቅ ብልህነት አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ መመሪያው ላይ ይህን በግልጽ አስፍሮታል፦ ተረፈ ምርቱን እቀንሳለሁ ተብሎ ውሃን ከጀርም የማጽዳት ሥራ ፈጽሞ መጓደል የለበትም።

ስለዚህ ያ በስልክ የሚዞረው «ክሎሪን አትጠጡ» የሚለው መልእክት ምክር አይደለም። ጀሪካኑን ተሸክማ ከብት ወደሚጠጣበት ምንጭ የምትመለሰው እናት መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ትከፍላለች። መልእክቱን የጻፈው ሰው አይከፍልም።

አሁን ደግሞ የፈሪዎቹን እንስማ

ፍርሃቱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ይህን መካድ ነው የባለሥልጣናቱ ጥፋት።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዮሃንስ ሩክ የተባለ የኔዘርላንድ ኬሚስት የሮተርዳምን ውሃ ሲመረምር ያልጠበቀውን አገኘ። ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ያልነበረ ክሎሮፎርም ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ ተገኘ። አዎ፣ ያ ድሮ ሐኪሞች በሽተኛ ያደነዝዙበት የነበረው ክሎሮፎርም። በዚያው ዓመት አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ይህንኑ አረጋገጡ። በ1976 የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ክሎሮፎርም በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ካንሰር እንዳወጡ ይፋ አደረገ። በ1979 የአሜሪካ መንግሥት ትራይሃሎሚቴን የሚባሉት አራት ውህዶች ተደምረው በአንድ ሊትር ውሃ ከ100 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጡ ደነገገ፤ በ1998 ደግሞ ወደ 80 አወረደው። ሃሎአሴቲክ አሲድ የሚባሉትንም 60 ላይ ገደባቸው። የአውሮፓ ኅብረት የትራይሃሎሚቴን ጣሪያ 100 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ብቻ 300፣ ብሮሞዳይክሎሮሚቴን ለሚባለው ወንድሙ 60 ይላል።

አንድ ማይክሮ ግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዓይን አይታይም፤ በምላስ አይቀመስም፤ በአፍንጫም አይሸተትም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሰው ላይስ? ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የታየው ግንኙነት ከፊኛ ካንሰር ጋር ነው። በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ከሚከሰተው የፊኛ ካንሰር 5 በመቶ የሚጠጋው፣ ማለትም በዓመት ከ6,500 በላይ ሰው፣ ከእነዚህ ውህዶች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገምቷል። ግምት ነው፤ ፍርድ አይደለም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሎሮፎርምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ተርታ አስገብቶታል፤ በክሎሪን የታከመ የመጠጥ ውሃን ግን በ1991 ባደረገው ግምገማ «ይህ ነው ብሎ ለመመደብ ማስረጃው አይበቃም» ብሎ ትቶታል።

እንግዲህ «ፈረንጅ ትቶታል» የሚለው ወገን የት ላይ እንደተሳሳተ አያችሁ? አብዛኛው ፈረንጅ ክሎሪኑን አልተወም። ይለካዋል። የሚለየን ይሄ ነው።

ቅጠልና አፈር የሚሠራው ተንኮል

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። ክሎሮፎርሙ ከየት መጣ? ክሎሪኑ ከነመርዙ አልመጣም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ብትጨምሩ የሚያገኘው ሥራ ጥቂት ነው። የበሰበሰ ቅጠል፣ ሣር፣ እበት፣ ጎርፍ ያመጣው ጥቁር አፈር ያለበት ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ግን ከዚያ ብስባሽ ጋር ይዋሀዳል፤ ትራይሃሎሚቴንና ዘመዶቹ የሚወለዱት ያን ጊዜ ነው። ብስባሹ በበዛ፣ ክሎሪኑ በበዛ፣ ውሃው በሞቀ፣ በማጠራቀሚያና በቧንቧ ውስጥም በቆየ ቁጥር ተረፈ ምርቱ ይበዛል።

ስለዚህ የአንድ ከተማ አደጋ ከሌላው እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ትጠጣለች። ጎንደር አንገረብ ግድብ አላት፤ አንገረብ በደለል የመሞላቱን ታሪክ የጎንደር ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ግድብ ማለት ክረምት በመጣ ቁጥር የተራራውን አፈርና ቅጠል ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ትልቅ ድስት ነው። ደብረ ማርቆስና ብዙዎቹ የጎጃም ከተሞች ግን በአመዛኙ የከርሰ ምድር ውሃና ምንጭ ነው የሚጠጡት። መሬት ራሷ ያጣራችው ውሃ ብስባሹ ያነሰ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ብርዳችንም ያግዛል። ይህ ዕድላችን ነው፤ ልንመካበት የሚገባም ዕድል ነው።

ዕድል ግን ዋስትና አይደለም። ከክረምት ጎርፍ ያልተጠበቀ ምንጭ፣ ክዳኑ የተሰበረ ጉድጓድ፣ በቦይ የተከበበ ማጠራቀሚያ ያን መሬት ያጣራችውን ውሃ በአንድ ሌሊት ዝናብ ያደፈርሰዋል። ጮቄን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ያ የስንት ወንዝ እናት የሆነ ተራራ፣ ገደሉ ድረስ ታርሶ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ሁሉ ቀይ ሆነው ይወርዳሉ። ያ የሚሄደው አፈር ሱዳን ከመድረሱ በፊት የእኛን ምንጮችና ጉድጓዶች አልፎ ነው። የጮቄን መራቆት የገበሬ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያይ ከተሜ ሐምሌ ላይ ቧንቧውን ይክፈትና ይመልከት።

ውሃው ሲደፈርስ ምን ይደረጋል? ትክክለኛው መልስ መጀመሪያ ድፍርሱን ማውጣት ነው፦ ማርጋት፣ ሻብ ጨምሮ ማዝቀጥ፣ በአሸዋ ማጣራት፤ ከዚያ በኋላ ክሎሪን። ርካሹ መልስ ደግሞ አለ፦ ክሎሪኑን መጨመር። ድፍርስ ውሃ ክሎሪንን ስለሚበላው ጀርሙን ለመግደል ብዙ ይፈልጋል፤ ብዙ ሲጨመር ደግሞ ብዙ ተረፈ ምርት ይወለዳል። ማለትም ርካሹ መንገድ ሁለት ጊዜ ይበድለናል። ጀርሙ በጭቃው ውስጥ ተደብቆ ሊተርፍ ይችላል፤ መርዙም ይጨምራል። ጠቡ እንግዲህ በጀርምና በካንሰር መካከል አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ስንፍና ይወለዳሉ።

ፈረቃ፣ ሮቶ እና በግምት የሚበጠበጥ ዱቄት

ሌላው የማይነገረው ነገር ፈረቃ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው ግማሹን ሳምንት ባዶ ይሆናል። ባዶ ቧንቧ ግፊት የለውም፤ ግፊት የሌለው ቧንቧ ደግሞ በየስንጥቁ ከውጭ ያለውን እርጥበት፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገውን ጭምር፣ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃው ከማጠራቀሚያው ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ ቤታችሁ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህን የሚያውቀው ባለሙያ ምን ያደርጋል? ምንጩ ላይ ክሎሪኑን ያበዛዋል፤ መጨረሻው ቤት ሲደርስ ትንሽ እንዲተርፍ። ለማጠራቀሚያው ቅርብ የሆነው ሰፈር በሽታው ያፍናል፤ ከተማው ጫፍ ያለው ሰፈር ደግሞ ምንም ክሎሪን አይደርሰው ይሆናል። ከዚያ እኛ ፈረቃውን ፈርተን ሮቶ ሞልተን ለሳምንት እናስቀምጠዋለን። ክሎሪኑ ሮቶው ውስጥ ያልቃል፤ ፀሐይ የመታው ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ለተረፈ ምርቱም ለባክቴሪያውም ምቹ ነው።

ባለሙያው የሚጨምረውን በምን ይለካል? በዞኑ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፣ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሄጄ የቀሪ ክሎሪን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ነበር። «ለምን ፈለግሽው?» ተባልኩ። ቀጥሎ «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» ተባልኩ። በመጨረሻ «እኛ በልምድ እናውቀዋለን» ተባልኩ። ልምድ ጥሩ ነገር ነው። ጠላ የሚጠመቀው በልምድ ነው። የከተማ ውሃ ግን በልምድ አይታከምም።

ኤች ቲ ኤች የሚባለው ነጭ ዱቄት ሲመረት ከ65 እስከ 70 በመቶው ጥቅም ላይ የሚውል ክሎሪን ነው። እርጥበት ባለበት መጋዘን ክዳኑ ተከፍቶ ከከረመ ኃይሉ ይቀንሳል። ፈሳሹ ዓይነት፣ በረኪና የምንለው፣ ከዚያ በባሰ ፍጥነት ይሞታል፤ ሲያረጅ ደግሞ ክሎሬት ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለእሱም በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ጣሪያ አስቀምጦለታል። መንገድ ለሳምንታት በሚዘጋበት ክልል ውስጥ የመጣው በርሜል መቼ እንደተመረተ የሚጠይቅ ማን ነው? አምና ሁለት ማንኪያ የበቃው ዘንድሮ ይበቃል ያለው ማን ነው? ሳይለኩ መጨመር ማለት አንዳንድ ቀን ለኮሌራ፣ አንዳንድ ቀን ለክሎሮፎርም ዕጣ መጣል ነው።

አፍንጫ ላቦራቶሪ አይደለም

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ይጠቅማል። እኛ ውሃ የምንመረምረው በአፍንጫ ነው። ከሸተተ «ዛሬ አብዝተውታል» እንላለን፤ ካልሸተተ «ደህና ነው» ብለን እንጠጣለን። ሁለቱም ላይ ልንሳሳት እንችላለን። አንዳንድ ሰው በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንኳ ይለያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ሽታ ሁሉ መርዝ አይደለም። እንዲያውም ከፍቶ የሚሸተው ክሎሪን አንዳንዴ ከቆሻሻ ጋር ሲታገል የቆየው ነው፤ ችግሩ ክሎሪኑ መብዛቱ ሳይሆን ውሃው መቆሸሹ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ትራይሃሎሚቴን ከጣሪያው በላይ ሆኖ ምንም ላይሸት ይችላል።

የማይታይና የማይሸት ነገር እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጥርስ አቡኒ አድርጎ፣ ወንጂ ላይ ደግሞ የአንዳንዱን ሠራተኛ አጥንት እስከማድረቅና እስከማጉበጥ ደርሷል። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ማንም ሲጠጣው አላስታወከውም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለወንዝ ሙላት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከፍሊንት እና ከፔሩ

«ይህ የድሃ ሀገር ችግር ነው፤ በጀት ሲመጣ ይስተካከላል» የሚል ካለ የፍሊንትን ታሪክ ያንብብ። ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት ከተማ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ውሃዋን ከፍሊንት ወንዝ እንድትወስድ ተደረገ። በዚያው በጋ ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ፤ አፍልታችሁ ጠጡ ተባለ። ክሎሪን ተጨመረ። ጥቅምት 2014 ላይ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውሃው የሞተር ዕቃዬን እያዛገብኝ ነው ብሎ ተወው፤ ተፈቀደለት። ነዋሪው ግን «ውሃው ጥሩ ነው» እየተባለ ጠጣ። ጥር 2015 ላይ የትራይሃሎሚቴን መጠን ከሕጉ በላይ መሆኑ ለነዋሪው በጽሑፍ ተነገረው። ቀጥሎ እርሳስ መጣ፤ በሕፃናት ደም ውስጥ ተገኘ። ሞተር ከልጅ በፊት ተሰማ ማለት ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍሊንት ሰው የሚሟገትበት ወረቀት ነበረው። ሕጉ የውሃ ድርጅት ከጣሪያው ባለፈ ጊዜ ለደንበኛው እንዲያሳውቅ፣ በየዓመቱም በውሃው ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚገልጽ ሪፖርት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ባለሥልጣናቱ ዋሹ፤ ቁጥሩ ግን አጋለጣቸው። ቁጥር የሌለበት ቦታ ውሸታም እንኳ አይያዝም።

የፔሩም ታሪክ አለ። በ1991 ኮሌራ ፔሩ ገብቶ በዓመቱ ከ300 ሺህ በላይ ሰው አሞ ወደ ላቲን አሜሪካ ተዛመተ። «የካንሰር ወሬ ፈርተው ክሎሪን ስለተዉ ነው» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ ይነገራል። በኋላ ነገሩን በጥልቀት ያዩ ሰዎች ግን ዋናው ምክንያት ለዓመታት ችላ የተባለው የውሃና የፍሳሽ መሠረተ ልማት ነው ብለው ተከራክረዋል። የፔሩን ታሪክ ለባለሥልጣናት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ጥፋቱን ከተቀደደው ቧንቧ አንስቶ «ወሬ አውርቶ ሕዝብ ያስፈራ» ሰው ላይ ይጭንላቸዋል። እኛም ሀገር ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም።

ምን ይደረግ ነው የምትይው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አፍ ለማዘጋት። እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ በየቀኑ ሁለት ቁጥር እንፈልጋለን፦ ድፍርስነትና ቀሪ ክሎሪን። የሚለካውም ማጠራቀሚያው አጠገብ ብቻ ሳይሆን ውሃው መጨረሻ በሚደርስበት ሰፈር ቦኖ ላይ ነው። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ክሎሪኑ ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5፣ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። ይህን ለመለካት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ቀለም የሚሰጥ አንዲት እንክብልና ቀለሙን የሚያመሳክሩበት ትንሽ ዕቃ ይበቃል። ለአንድ ስብሰባ ሻይ ቡና የሚወጣ ገንዘብ ይገዛዋል። ቁጥሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በቢሉ ጀርባ ይታተም። የቆጣሪ ንባብ ሳይሳሳት የሚያደርሰን መሥሪያ ቤት የክሎሪን ንባብ ማድረስ አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲበረታና በበጋው ማብቂያ፣ የትራይሃሎሚቴን ምርመራ ይደረግ። ይህ እንደ ፊተኛው ቀላል አይደለም፤ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባል መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ግን ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት። የኬሚስትሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ሲፈልግ ከሚንከራተት እግሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ይክፈት። መሣሪያው እዚህ ባይኖር ናሙናውን ወዳለበት መላክ ይቻላል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ፣ እኔም ለአብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃችን ጥሩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ የስልኩ ወሬ በአንድ ወረቀት ይሞታል። አሉባልታን የሚገድለው ስድብ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ምንጩ ይሂድ። የምንጭ ዙሪያ ይታጠር፤ የጎርፍ መቀልበሻ ይቆፈር፤ የተሰበረ ክዳን ይጠገን፤ ድፍርስ ውሃ ሳይጣራ ክሎሪን አይጨመርበት። ከሁሉም በላይ ቧንቧው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ይቀነስ። ጮቄ ላይ የሚተከል ችግኝ ፎቶ ለመነሳት ብቻ አይደለም፤ የውሃ ማጣሪያ ነው።

አራተኛ፣ ይህ ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ የፖሊሲ ግብ ነው ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ባለሥልጣን ይወዳታል። እሺ፣ ትልቅ ማጣሪያ ለመሥራት አቅም የለም እንበል። ያለውን ቁጥር ለመናገር ምን አቅም ይፈልጋል? የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ ለጠየቀው ሰው እንዲሰጥ ያዛል። «ለምን ፈለግሽው?» የሚለው ጥያቄ የአዋጁ አካል አይደለም። የከለከለ ካለ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

እስከዚያው በቤታችን

ቁጥሩ እስኪመጣ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አይጠብቅም። ስለዚህ የተረጋገጠውን ብቻ ልበል። የቧንቧው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ክሎሪን ስለሸተተ አትድፉት፤ ወደ ወንዝም አትሂዱ። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አርጉት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከዚያ አፍሉት ወይም በመመሪያው ልክ «ውኃ አጋር»ን የመሰለ ማከሚያ ጨምሩበት። በአፍ ግምት በረኪና አትጨምሩ። ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ሲንተከተክ ጀርሙም ይሞታል፤ ክሎሮፎርሙም ተንኖ አብዛኛው ይሄዳል። ሽታው እንዲወጣ አሳድራችሁ የምትጠጡ ደግሞ ክዳኑን አትርሱ፤ ክሎሪኑ ከሄደ በኋላ ያ ውሃ ጠባቂ የለውም፤ የቆሸሸ ጣሳ አንዴ ቢገባበት በቂ ነው። ሮቶ ያላችሁ በየጊዜው እጠቡት፤ ከፀሐይም ከልሉት።

ይህ ሁሉ ግን የእናቶችን ሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ እንጨቱንም ከሰሉንም የምታመጣው እሷው ናት። ድስት ላይ የሚጣድ መፍትሔ የመሥሪያ ቤትን ግዴታ አይተካም። የውሃ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ጥርጣሬውን ራሱ አፍልቶ እንዲጠጣ ከተፈረደበት፣ የከፈለው ለምንድን ነው?

ስለዚህ በዚህ ወር ቢሉን ልትከፍሉ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። መስኮቱ ላይ ላለችው ገንዘብ ተቀባይ አትቆጧት፤ እሷ አታውቅም። በጨዋ ደንብ «የእኛ ሰፈር ቀሪ ክሎሪን ትናንት ስንት ነበር?» በሉ። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ በጽሑፍ ጠይቁና ቀኑን ያዙ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ነገረኛ ይባላል። ዐሥር ሲጠይቅ ስብሰባ ይጠራል። መቶ ሰው ሲጠይቅ ግን አንድ ሰው ተነስቶ መለካት ይጀምራል።